ጉንፋኑ የእኛ፣ አደጋው የሕመምተኛው

«ጉንፋን ነው፤ ይለቀኛል» እያለ ሥራውን የሚቀጥል ሰው በየክፍሉም ሆነ በየቤቱ ሞልቷል። ወታደሩ እያነጠሰ ዘብ ይቆማል፤ የቤት እመቤቷ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ሊጥ ታቦካለች፤ ልጆችም እየሳሉ ትምህርት ቤት ውለው ይመለሳሉ። ጤነኛ ሰው ከአንድ ሳምንት በኋላ ሕመሙን ረስቶት ስለሚገኝ ይህን ልማድ የሚነቅፍ የለም። ነገር ግን በዚያው ቤት፣ ወይም ግድግዳ በሚጋራው ጎረቤት ዘንድ፣ የካንሰር ሕክምና በመከታተል ላይ ያለ ሰው ቢኖር ነገሩ ይለወጣል። ለእኛ የሳምንት ጣጣ የሆነው ሕመም ለእርሱ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። የዛሬው የቤተሰብ አምዳችን የሚያተኩረውም በዚሁ ላይ ነው።

አስቀድመን ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። ካንሰርን ብዙ ሰው «ነቀርሳ» ይለዋል። «የሳንባ ነቀርሳ» የምንለው ግን ሌላ በሽታ ነው፤ በባክቴሪያ የሚመጣና ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ነው። ካንሰር የገዛ ሰውነታችን ሕዋሳት ከሥርዓት ወጥተው ያለ ልክ ሲራቡ የሚፈጠር ሕመም በመሆኑ በትንፋሽም ሆነ በመጨባበጥ፣ ወይም ከአንድ መሶብ በመብላት አይተላለፍም። ስለዚህ ከካንሰር ሕመምተኛ የሚሸሽ ሰው ያለ ምክንያት ይሸሻል። መጠንቀቅ የሚገባው ሕመምተኛው ነው፤ ምክንያቱም እኛ ከእርሱ የሚይዘን በሽታ ባይኖርም እርሱ ከእኛ የሚይዘው አለ።

ይህ ለምን እንደሚሆን ለመረዳት የሰውነትን አሠራር ጥቂት ማወቅ ይበቃል። ሰውነታችን እንደ ጦር ሠፈር ሁሉ የራሱ ዘብ አለው። ከዘቦቹም ዋነኞቹ በአጥንት መቅኔ ውስጥ የሚፈጠሩት ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። ከእነዚህ ከፊሎቹ ባክቴሪያን ይዋጋሉ፤ ከፊሎቹም በቫይረስ የተያዙትን ሕዋሳት እየለዩ ያጠፋሉ። ኬሞቴራፒ የተባለው የካንሰር መድኃኒት የሚሠራው በፍጥነት የሚራቡ ሕዋሳትን በመግደል ነው። የካንሰር ሕዋሳት በፍጥነት ይራባሉ፤ በመቅኔ ውስጥ ያሉት ደም ፈጣሪ ሕዋሳትም እንዲሁ። መድኃኒቱ ሁለቱን አጥርቶ መለየት ስለማይችል ጠላትን ሲመታ ወዳጅንም ያቆስላል። በብዙዎቹ መድኃኒቶች የነጭ ሕዋሳቱ ቁጥር እጅግ የሚያሽቆለቁለው መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። ኒውትሮፊል የተባሉት ነጭ ሕዋሳት በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ከ500 በታች ሲሆኑ ሐኪሞች «ከባድ ጉድለት» ይሉታል። ሕመምተኛው ግን በእነዚህ ቀናት ፊቱ የፈካ፣ ምግብም የሚበላ ሊሆን ይችላል። ዘቡ መሳሳቱን ከውጭ ሆኖ የሚያይ ሰው የለም።

ሁሉም ሕመምተኛ እኩል የተጋለጠ አይደለም። ሉኪሚያ፣ ሊምፎማና ማይሎማ የተባሉት የደም ካንሰሮች በቀጥታ የሚያጠቁት ራሱን የመከላከያውን ኃይል ስለሆነ በእነዚህ የተያዙ ሰዎች ከሌሎቹ ይበልጥ ይሰጋላቸዋል። የመቅኔ ንቅለ ተከላ የተደረገላቸውም እንደዚሁ ናቸው። የሳንባ ካንሰር ያለበት፣ ወይም ደረቱ ላይ የጨረር ሕክምና የወሰደ ሰው ደግሞ ሳንባው ቀድሞውኑ የተጎዳ በመሆኑ ተጨማሪ ሸክም የሚችልበት አቅም አነስተኛ ነው። በአገራችን ሴቶች ላይ በብዛት የሚታዩት የጡትና የማሕፀን በር ካንሰር ናቸው። ስለዚህ ይህ ጉዳይ የእናቶቻችን፣ የሚስቶቻችንና የእኅቶቻችን ጉዳይ ነው።

የመተንፈሻ አካልን የሚያጠቁት ቫይረሶች ብዙ ናቸው። ኢንፍሉዌንዛ አንዱ ነው፤ ኮቪድ 19ን የሚያመጣው ኮሮና ቫይረስ ሌላው ነው። አር.ኤስ.ቪ. የተባለው በሕፃናት ላይ የሚበረታ ቫይረስ፣ ፓራኢንፍሉዌንዛ፣ አዴኖ ቫይረስ፣ ተራውን ጉንፋን የሚያመጣው ራይኖ ቫይረስም አሉ። በጤነኛ ሰው ላይ አብዛኞቹ ከአፍንጫና ከጉሮሮ ሳያልፉ ይሸነፋሉ። የመከላከል ኃይሉ በደከመ ሰው ላይ ግን ቫይረሱ ወደ ሳንባ ይወርዳል፤ በቀናት መውጣት ሲገባው ለሳምንታት በሰውነት ውስጥ ሊቆይ ይችላል። የመተንፈሻውንም ቧንቧ ሽፋን ስለሚያቆስለው ባክቴሪያ በቁስሉ በኩል ገብቶ የሳንባ ምች ያስከትላል። ቫይረሱ በሩን ይሰብራል፤ ባክቴሪያው ተከትሎ ይገባል። ሕመምተኛው ከዚህ ቢተርፍ እንኳ የካንሰር ሕክምናው ቀጠሮ ይተላለፋል፤ ያ መዘግየት ደግሞ ለካንሰሩ ጊዜ መስጠት ይሆናል።

ብዙ ሰው ተጠጋግቶ በሚኖርበት ስፍራ እንዲህ ያለ በሽታ ምን ያህል እንደሚፈጥን ከጦር ሠፈር የበለጠ የሚያውቅ የለም። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ በማርች 1918 እ.ኤ.አ.፣ በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት ፈንስተን በተባለው የጦር ሠፈር ብዙ ወታደሮች በኢንፍሉዌንዛ ታመሙ። ያ ወረርሽኝ ከሠራዊት ጋር በመርከብና በባቡር እየተጓዘ ዓለምን አዳረሰ። ወደ እኛም አገር ደርሶ በ1911 ዓ.ም. «የኅዳር በሽታ» ተባለ፤ በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው እንደ ፈጀ ይገመታል። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተጠረገ የሚቃጠልበት «ኅዳር ሲታጠን» የተባለው ልማድም የዚያ ዘመን መታሰቢያ ነው። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ከሰው ተለይቶ የታወቀው በ1933 እ.ኤ.አ. ስለሆነ የዚያን ጊዜ ሰው ጠላቱ ማን እንደ ሆነ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። በኋላ የተደረገው ምርመራ እንዳሳየው በዚያ ወረርሽኝ ከሞቱት አብዛኞቹን የፈጀው ኢንፍሉዌንዛውን ተከትሎ የገባው የባክቴሪያ የሳንባ ምች ነበር። ዛሬ ለካንሰር ሕመምተኛ የምንሰጋለትም ያንኑ መንገድ ነው።

ከእኛ ዘመን ደግሞ ኮቪድ 19 ያስተማረን አለ። በሽታው በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። በዚያው የመጀመሪያ ማዕበል፣ ክትባት ገና ሳይገኝ፣ በብሪታንያ ኮቪድ የያዛቸው 800 የካንሰር ሕመምተኞች ተጠንተው ውጤቱ በ2020 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታተመ። ከ800ው 226ቱ ሞተዋል፤ ይህም ከመቶ 28 መሆኑ ነው። 412ቱ ግን፣ ማለትም ከግማሽ የሚበልጡት፣ ሕመሙ ቀሎላቸው አልፏል። የሞት አደጋው ከፍ ያለው በዕድሜ በገፉት፣ በወንዶቹ፣ እንዲሁም የደም ግፊትን ወይም የልብ ሕመምን የመሰለ ሌላ በሽታ ባለባቸው ላይ ነበር።

ከዚሁ ጥናት ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነገር አለ። በመጨረሻዎቹ አራት ሳምንታት ኬሞቴራፒ የወሰዱት ሰዎች ካልወሰዱት ይልቅ በብዛት ሞተው አልተገኙም። እንግዲህ «በሽታ ይይዘኛል» ብሎ የካንሰር ሕክምናን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ትክክል አይደለም። ከቫይረሱ ስንሸሽ ካንሰሩን ፈትተን እንለቀዋለን። ቀጠሮ የሚተላለፍ ከሆነም የሚያስተላልፈው የሚያክመው ሐኪም ነው፤ እኛ በግምት አንወስንም። የእኛ ድርሻ ሕክምናው ሳይቋረጥ እንዲቀጥል በሕመምተኛው ዙሪያ ጥበቃውን ማጠንከር ነው።

ጥበቃው ከቤት ይጀምራል። ከቤተሰቡ መካከል ያነጠሰ፣ የሳለ ወይም ጉሮሮውን የከረከረው ሰው ከሕመምተኛው ተለይቶ ይተኛ፤ ምግብም ለብቻው ይቅረብለት። አንድ ክፍል ብቻ ባለበት የወታደር ቤት ይህ እንደማይመች እናውቃለን። ቢሆንም ራስጌና ግርጌ ተለያይቶ መተኛት፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ማድረግ፣ ከተቻለም ለጥቂት ቀናት ከዘመድ ወይም ከባልንጀራ ዘንድ ማደር ይቻላል። ሕመምተኛውን የሚያስታምም ሰው እጁን በሳሙና አዘውትሮ ይታጠብ። በተለይ ልጆች ከትምህርት ቤት እንደ ተመለሱ ወደ እናታቸው ጉያ ከመሮጣቸው በፊት እጃቸውን ይታጠቡ፤ ጉንፋን የያዘው ልጅ ደግሞ እናቱን ከመሳም ይታገሥ። ለልጁም ምክንያቱን መንገር ይገባል፤ ሳይነገረው ቢከለከል እናቱ የጠላችው ይመስለዋል።

ከግዳጅ ወይም ከጉዞ ለፈቃድ የሚመለሰው የሠራዊት ባልደረባም ይህን ያስብ። ብዙ ወር ተለይቶ የቆየ ሰው ደጁን ሲረግጥ ሚስቱን አቅፎ መሳሙ የተፈጥሮ ነው። ይሁን እንጂ በመንገድ ላይ ጉሮሮው ከከረከረው ወይም ካተኮሰው፣ ባለቤቱም የካንሰር መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ፣ ራቅ ብሎ ሰላም ማለት ፍቅር ማጉደል አይደለም። መሸፈኛውን አድርጎ ሕመሙ እስኪለቀው መታገሥ ከናፍቆት የሚከብድ ቢመስልም ሚስቱን ከአደጋ የሚያድን ነው።

ቀጥሎ የአየር ነገር ይመጣል። በአገራችን «ብርድ ይመታኛል» በማለት መስኮትን ዘግቶ መቀመጥ የተለመደ ነው፤ በአውቶቡስ ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው የሚደርስበትን ቁጣ ያልሰማ የለም። ጉንፋንን የሚያመጣው ግን ነፋሱ ሳይሆን በተዘጋው ክፍል ውስጥ ከአንዱ ሳንባ ወጥቶ ወደ ሌላው የሚገባው ትንፋሽ ነው። ሕመምተኛውን በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ አሙቆ መስኮቱን መክፈት ሁለቱንም ያስማማል። የማገዶ ጢስ፣ የሲጋራ ጢስ፣ ለቡና የሚጨሰው ዕጣንም ቢሆን የታመመን ሳንባ ያውካሉ። ስለዚህ ምግቡ ከተቻለ ከውጭ ይብሰል፤ አጫሹም ከደጅ ራቅ ብሎ ያጭስ። ኅዳር 12 ቀን ሰፈሩ ሁሉ በጢስ ሲሸፈንም ሕመምተኛው ጢስ ከማይደርስበት ስፍራ ቢውል ይመረጣል።

የሕክምናው ጉዞ ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለብዙ ዓመታት በአገራችን የጨረር ሕክምና የሚሰጠው በአዲስ አበባው የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ስለነበር ሕመምተኞች ከአራቱ ማዕዘን ወደዚያ ይጎርፉ ነበር። ምንም እንኳ በኋላ እንደ ጅማ ባሉ ከተሞች አገልግሎቱ ቢጀመርም ከሩቅ ጦር ሠፈር የሚመጣ ሰው ዛሬም በተጨናነቀ ተሽከርካሪ ረጅም መንገድ ይጓዛል። እንዲህ ያለው መንገደኛ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛውን ሳያወልቅ ይጓዝ፤ በመስኮት አጠገብ ይቀመጥ፤ የሚስል ሰው አጠገቡ ቢቀመጥ ቦታ ለመለወጥ አይፈር። በተለይ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ገበያ፣ ለቅሶ ቤት፣ ሠርግ፣ ሰው የተጨናነቀበትም ስፍራ ሁሉ ቢቀርበት ይሻላል። ለቅሶ ባለመድረሱ የሚቀየም ዘመድ ቢኖር ምክንያቱን ማስረዳት የቤተሰቡ ተግባር ነው።

ክትባትም ሊረሳ አይገባም። የኮቪድ 19 ክትባት በአገራችን መሰጠት የጀመረው በሽታው በተገኘ ልክ በዓመቱ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ደግሞ ቫይረሱ መልኩን እየለዋወጠ ስለሚመጣ በሚገኝበት ስፍራ በየዓመቱ የሚወሰድ ነው። ለካንሰር ሕመምተኛ የሚሰጠው በመርፌ የሚወጋውና ሕይወት ያለው ቫይረስ የሌለበት ዐይነት ነው፤ በአፍንጫ የሚረጨው፣ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ያለበት፣ ለእርሱ አይሆንም። መቼ እንደሚወጋም ሐኪሙ ከመድኃኒቱ ቀጠሮ ጋር አስተያይቶ ይወስናል። የደከመ ሰውነት ከክትባት የሚያገኘው ጥቅም ከጤነኛው ያነሰ ሊሆን ስለሚችል በዙሪያው ያሉት ጤነኞች መከተባቸው ለእርሱም ይተርፋል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ተደርጎ እንኳ በሽታው ሊገባ ይችላል። ያን ጊዜ የሚያድነው ፍጥነት ነው። ኬሞቴራፒ በሚወስድ ሰው ላይ የሙቀት መለኪያው 38 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ እስኪነጋ አይጠበቅም። «ፓራሲታሞል ውጬ ልየው» ማለትም አይገባም፤ ክኒኑ ትኩሳቱን ይሸፍናል እንጂ ምክንያቱን አያጠፋም። አስፕሪንም ደም የመፍሰስ አደጋን ስለሚጨምር ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰድ። በብብት የሚለካ ሙቀት ከአፍ ከሚለካው ዝቅ ብሎ እንደሚታይም መዘንጋት የለበትም። ከመድኃኒት ቤት አሞክሲሲሊን ገዝቶ መዋጥ ደግሞ ከንቱ መዘናጋት ነው፤ አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይገድልም፤ ለባክቴሪያውም ቢሆን የሚያስፈልገው በሆስፒታል በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። የነጭ ሕዋሳቱ ቁጥር ወርዶ ትኩሳት የያዘው ሰው ሆስፒታል ከደረሰ በኋላ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ይህ መድኃኒት እንዲጀመርለት የሕክምናው መመሪያ ያዛል። በሰዓታት የሚቆጠር ነገር ስለሆነ ነው።

ትኩሳት ሳይኖርም አደጋ ሊኖር ይችላል። አንዳንድ ሕመምተኞች ከካንሰሩ መድኃኒት ጋር የሚወስዱት ስቴሮይድ ትኩሳትን ይደብቃል። ስለዚህ ትንፋሹ ከቆረጠው፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ከደከመው፣ ደረቱን ከወጋው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ብርድ ብርድ ብሎት ከተንቀጠቀጠ ወይም ንግግሩ ከተምታታበት ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይወሰድ። ኢንፍሉዌንዛ ከሆነም ለእርሱ የሚሆነው መድኃኒት በተለይ የሚጠቅመው ሕመሙ በጀመረ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲወሰድ ነው።

ለዚህ ቀን አስቀድሞ መዘጋጀት ይገባል። የሕክምናው ካርድ በሚታወቅ ስፍራ ይቀመጥ። በሌሊት ተሽከርካሪ ከማን እንደሚገኝ ቀድሞ ይታወቅ። ባልየው በግዳጅ ላይ ከሆነ ሕመምተኛዋን የሚያደርስ ጎረቤት በስም ተለይቶ ይመደብ። ከክሊኒኩ እንደ ደረሱም በመጀመሪያ የሚነገረው ቃል፣ «የካንሰር መድኃኒት እወስዳለሁ፤ መጨረሻ የወሰድሁት በዚህ ቀን ነው፤ አሁን ትኩሳት ይዞኛል» የሚለው ይሁን። ይህን ያልሰማ የጤና ባለሙያ እንደ ማንኛውም ጉንፋን አይቶ ወረፋ ሊያስጠብቅ ይችላል።

ይህ ቃል ብዙ ጊዜ የማይነገረው ግን ካንሰር በየቤቱ ስለሚደበቅ ነው። ቤተሰቡ የሰው አፍ ፈርቶ ዝም ይላል፤ ጎረቤት «ሆዷን ነው የሚያማት» ተብሎ ይነገረዋል። እርሱም ሳያውቅ ጉንፋኑን ይዞ ሊጠይቃት ይመጣል፤ አጠገቧ ተቀምጦ ይስላል፤ ጉንጯን ስሞ «እግዜር ይማርሽ» ብሎ ይሄዳል። ሰውየው በጎ አደረግሁ ብሎ ክፉ ትቶ ሄደ። ያልተነገረውን እንዴት ይጠንቀቅ? ሕመሙን ለሁሉ ማወጅ ባያስፈልግም ለቅርብ ጎረቤት፣ ለክፍሉ የጤና ባለሙያና ለልጆቹ አስተማሪ መንገር ሕመምተኛውን ከብዙ አደጋ ያድነዋል።

የታመመን መጠየቅ ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ልማድ ነው፤ እንዲቀር አንመክርም። ሕመምተኛን ብቻውን መተውም ሌላ በሽታ ነው። የጠያቂው ጤንነትና አጠያየቁ ግን ይታሰብበት። ጉንፋን የያዘው ሰው መልእክት ይላክ ወይም ስልክ ይደውል። ጤነኛው ከደጃፍ ወይም ከበረንዳ ተቀምጦ ያጫውታት፤ ቁጥራቸው ከሁለት አይብለጥ፤ ሳይስሙም «ማርያም ትማርሽ» ወይም «አላህ ያሽርሽ» ማለት ይቻላል። ውኃ መቅዳት፣ እንጀራ ጋግሮ በደጅ ማስቀመጥ፣ ልጆቿን ከትምህርት ቤት መመለስ፣ በቀጠሮዋ ቀን አብሮ መሄድ፣ እነዚህም ሁሉ መጠየቅ ናቸው። ዘብ የሚቆም ሰው የሚያስጠጋውንና የማያስጠጋውን ይለያል፤ በሕመምተኛ ደጃፍ የሚቆም ወዳጅም እንዲሁ ነው። የራሱን ሳል ይዞ ወደ ኋላ የሚመለስ ጠያቂ ወዳጅነቱን አላጎደለም።

ለሳምንት በሌላ ርእስ እስክንገናኝ፣ በየቤቱ ላሉት ሕመምተኞች ሁሉ ምሕረትን፣ ለሚያስታምሟቸውም ብርታትን እንመኛለን።